እጅሽ ያውቃል፤ ደብተርሽ ግን ባዶ ነው

ሰው ቤትሽ ሲገባ በሩ ላይ ቆም ይላል። አየሩን ሳብ ያደርግና፣ "ምን አጭሰሽ ነው እንዲህ የሚያውደው?" ይልሻል።

ምን ትመልሻለሽ?

"ኧረ ምንም! ዕጣን ብቻ ነው።"

ውሸት! ዕጣን ብቻ አይደለም። ከርቤ ጣል አድርገሽበታል። ሉባንጃ ቆንጥረሽ ጨምረሻል። ፍሙ ሲበረታ አመድ አልብሰሽ አብርደሽዋል፤ ዕጣኑ ቦግ ብሎ እንዳይከስል፣ ቀስ እያለ እንዲቀልጥ። የትኛው መጀመሪያ እንደሚገባ፣ የትኛው እስከ በረካ እንደሚቆይ፣ የትኛው እንግዳ እንደሚያስል ታውቂያለሽ። ይህን የተማርሽው ትምህርት ቤት ገብተሽ አይደለም። ከእናትሽ ረከቦት ጎን ቁጭ ብለሽ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ግራስ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ መዓዛ መቀመም ሙያ ነው። ሰው ዓመታት ይማረዋል፣ ይቀጠርበታል፣ ይከበርበታል። አንቺ ደግሞ የዚያን ሥራ ዘመድ በየቀኑ ትሠሪና "ምንም" ትይዋለሽ።

ዛሬ ይህን ቃል ጣይው።

ወንድሜ፣ አንተም አንብብ። "አንቺ" እያልኩ የምጽፈው ጭሱን ብዙውን ጊዜ የምትይዘው እሷ ስለሆነች እንጂ ሥራው በፆታ ስለሚከፈል አይደለም። ካላመንከኝ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሂድና አውራ አምባን እይ። እ.ኤ.አ. በ1972 በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ማኅበረሰብ የወንድ ሥራ፣ የሴት ሥራ የሚባል ነገር አያውቅም። ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ትሸምናለች። የእርሻ መሬታቸው ጠባብ ስለነበር ሽመናውን መተዳደሪያ አደረጉት። መሬት ሲያንስ እጅ ሠራ። ይኸው ነው።

አሁን ዙሪያሽን ተመልከቺ።

ያለሽው ወረታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መኪና በደጅሽ ያልፋል። ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈውም ከአንቺ ዘንድ ነው የሚታጠፈው። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ውሃ በሚተኛበት በዚሁ በፎገራ ሜዳ ይበቅላል። ጠጅ ሳሩ ጓሮ ከተተከለ ብዙ አያስቸግርም። አሪቲው፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው አለ። ዕጣኑ ከመተማና ከቋራ ቆላ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ይመጣል። ሰምም አይጠፋም፤ ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ሰምሽን ለመግዛት አውሮፕላን መሳፈር የለብሽም።

ታዲያ ምን ጎደለሽ?

"ካፒታል" አልሽ። ቆይ፣ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የዚህ አካባቢ ሰው መዓዛ መሸጥ የጀመረው ትናንት አይደለም። አዲስ ዘመንን አልፈሽ ወደ ጎንደር ስትሄጂ እንፍራንዝን ታገኛለሽ። ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም ጎንደር መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ እንፍራንዝን ዐይቶ፣ ዝባድ ከከተማዋ ዋና ዋና ንግዶች አንዱ እንደሆነና ለዝባዱ ሲሉ እስከ 300 ጥሪኝ የሚያረቡ ነጋዴዎች እንዳሉ ጽፏል። ሦስት መቶ! በአንድ ነጋዴ ግቢ!

የአገራችን ዝባድ በከብት ቀንድ እየታሸገ ባሕር ተሻገረ። ሽቶ ሆኖ፣ ስም ወጥቶለት፣ በጠርሙስ የተሸጠው ግን በሌላ አገር ነው። ዝነኛው ቻኔል ቁጥር 5 እንኳ እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ የተፈጥሮ ዝባድ ይገባበት ነበር። (ጥሪኟን ጠባብ ጎጆ ውስጥ ዘግቶ ማሠቃየት የሚወረስ ሙያ አይደለም። እሱን ለታሪክ ተዪው። ንግዱን ግን አትርሺው።)

የዕጣናችንም ነገር ያው ነው። ሴቶች ሙጫውን በእጃቸው በመጠንና በቀለም ይለዩታል፤ ከዚያ አብዛኛው ጥሬውን በጆንያ ይወጣል። ገንዘቡ ያለው ከጆንያው በኋላ ነው። መቀመሙ ላይ። መመዘኑ ላይ። ማሸጉ ላይ። ስም መስጠቱ ላይ።

ደግሞ ጆንያው ራሱ ለዘላለም አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔቸር ሰስቴነብሊቲ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በተጠኑት አብዛኞቹ የዕጣን ዛፍ ደኖች ወጣት ዛፎች እንደሌሉና ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ከብቱ ችግኙን ይበላዋል፣ እሳት ይፈጀዋል፣ ያለ ልክ የተደማ ዛፍ ይደክማል። ይህ ለአንቺ ምን ማለት ነው? በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ ነገ ይቸገራል። በግራም የሚቀምም ሰው ግን ከአንድ ኪሎ የበለጠ ያወጣል። አንቺ በግራም ሁኚ።

"ሰው ምን ይለኛል?"

ይላል! ለምን ይዋሻል? አንዷ፣ "ጭስ ልትሸጪ?" ትልሻለች። አንዱ፣ "ለቆሌ ነው?" ብሎ ይሾፍብሻል። ሌላው በረጅሙ እየተነፈሰ፣ "ተምረሽ ተምረሽ ለዚህ?" ይላል። የእጅ ሥራን መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አስቢው፤ ጉዳዩ እስከ ንጉሠ ነገሥት ደርሶ ነበር። አዋጁ ተነገረ፤ አፍ ግን አልተዘጋም።

እና ምን ይጠበስ? አፍ የቤት ኪራይ አይከፍልልሽም።

ሩዙን አታስታውሺም? ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ ለብዙ እህል አይመችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ በጅግናና በሻጋ ሩዝ ሲሞከር፣ ለፎገራ ገበሬ እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬስ? ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል። "ኤክስ ጅግና" የሚባለው ዝርያ የቀበሌዋን ስም ይዞ በመላ አገሪቱ ይታወቃል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የቆመው እዚሁ ወረታ ነው። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ሰው ነው ውሃውን የሚያይበትን ዓይን የቀየረው። ማይንድሴት ማለት ይህ ነው፤ ከመድረክ ላይ የሚጮኸው አይደለም።

እሺ፣ ወደ ሥራ!

ሆቢን ከቢዝነስ የሚለየው ምንድን ነው? ብር? አይደለም። ሱቅ? አይደለም። ሎጎ? ኧረ በጭራሽ!

መድገም ነው።

ባለፈው እሑድ ቤቱን ያወደው ቅይጥ በሚቀጥለው እሑድ ልክ እንደዚያው ካላወደ፣ የምትሸጪው ነገር ገና የለሽም። ደንበኛ ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው ያንኑ ፈልጎ ነው። ሌላ ነገር ከሰጠሽው፣ የተሻለ እንኳ ቢሆን፣ ግራ ይጋባል። ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም።

ስለዚህ "ቆንጠር አድርጌ" የሚለውን አቁሚ። "እንደው በግምት" የሚለውንም።

ሚዛን ግዢ። ግራም የምትለይ ትንሽ ሚዛን። ከሚዛኗ ጎን ደብተር አስቀምጪ። ጻፊ፦ ዕጣን 10 ግራም፣ ከርቤ 2 ግራም፣ ሉባንጃ 1 ግራም። ቀኑን ጻፊ። ዕጣኑን ከማን እንደገዛሽ ጻፊ፤ የአንዱ ነጋዴ ዕጣን ከሌላው ይለያልና። ጭሱ ስንት ደቂቃ ቆየ? በማግሥቱ መጋረጃው ላይ ምን ቀረ? ማን ወደደው? ማንን አሳለው? በሚቀጥለው ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ከርቤውን ከቀነስሽ ሉባንጃውን አትንኪ። ሁለቱንም ከነካሽ የትኛው እንዳሳመረው በምን ታውቂያለሽ?

አሰልቺ ነው? አዎ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የማያደርገው። ለዚህም ነው አንቺ ካደረግሽው የምታልፊያቸው።

እናትሽ ደብተር አላስፈለጋትም። የምታጨሰው ለአንድ ቤት ነበር። አንቺ ለ50 ቤት ልታጨሺ ነው።

ሞራል አትጠብቂ። ሞራል ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰዓት ያዢ። የማታው ቡና ካለቀ፣ ሲኒው ከታጠበ በኋላ ግማሽ ሰዓት። ቴሌቪዥኑ ይቆይ። ቲክቶኩም ይቆይ። መዝኚ፣ አጭሺ፣ ጻፊ። የመጀመሪያው ቅይጥ ይበላሻል። ይበላሽ! የተበላሸውንም ጻፊው፤ ሁለተኛ እንዳትከፍዪበት።

በምን ትጀምሪያለሽ? በምታውቂው። ቅይጥ ዕጣን፣ ለአንድ ቀን የሚበቃ፣ በትንሽ ቋጠሮ።

ሻማው ሁለተኛ ይምጣ። ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ላይ ያማረ የሻማ ፎቶ ዐይቶ ከሻማ መጀመር ይፈልጋል። አትቸኩዪ። ሰም ሥርዓት አለው። ሠፈርሽ ውስጥ ጧፍ የሚሠራ ሰው ካለ ሄደሽ ቁጭ በዪና ተመልከቺ፤ ከየትኛውም ቪዲዮ ይበልጥ ያስተምርሻል። የጥጥ ፈትሉን እንዴት እንደሚያጠነክረው፣ ሰሙን ስንት ጊዜ እንደሚያለብሰው እይ።

ከዚያ ቤትሽ ሞክሪ። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣጂው። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ትንሽ ድስት፣ ትንሹ ድስት ውስጥ ሰም። ጥለሽው አትሂጂ። ከተቀጣጠለ ውሃ እንዳትደፊበት፤ ክዳን ግጠሚበትና እሳቱን አጥፊ። ልጆች አጠገብ አይኑሩ።

ፈትሉ ላይ ጊዜ አጥፊ። ከቀጠነ ነበልባሉ በገዛ ሰሙ ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። ከወፈረ ጥቀርሻ ይተፋል፤ የደንበኛሽን ግድግዳ ያጠቁረዋል፤ እሷም ስምሽን ታጠቁረዋለች። የንብ ሰም የራሱ የማር መዓዛ ስላለው ለስለስ ያለውን መዓዛ ይውጠዋል። መዓዛማ ዘይት የምትጨምሪ ከሆነ ለ100 ግራም ሰም ከ5 እስከ 8 ግራም ባለው ጀምሪ። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 1 ሳምንት አስቀምጪው። ከዚያ አብሪውና እስከ ታች ድረስ ሲነድ ተመልከቺው። እስከ ታች ነው ያልኩሽ! ግማሹ ድረስ አምሮ ነዶ ከግማሽ በታች የሚጠፋ ሻማ ብዙ ነው፤ ያንን ጉድ ከደንበኛሽ በፊት አንቺ ማየት አለብሽ።

መያዣው? ከውጭ የሚመጣ ብርጭቆ አትፈልጊ። ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሂጂና ከሲኒ ከፍ ያለ ነገር አሠሪ። ሸክላ ሰም ስለሚጠጣ፣ ወደ ውጭ እንዳያሳልፍ አስቀድመሽ ፈትኚው። ዋጋ ስትከራከሪም ልክ ይኑርሽ። የአንቺ እጅ እንዲከበር የምትፈልጊ ከሆነ የእሷም ይከበር።

"የጠጅ ሳር ዘይት ራሴ ላውጣ?" አሁን አይሆንም። ከ100 ኪሎ እርጥብ ጠጅ ሳር ግማሽ ሊትር ዘይት ማግኘት እንኳ ይከብዳል። ያ ሁሉ ሳር፣ ያ ሁሉ ማገዶ፣ ያ ሁሉ ዕቃ! ወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ተክሎች ላይ ለዓመታት የሠራ ተቋም ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ትጠይቂያቸዋለሽ። እስከዚያው ጠጅ ሳሩን በጥላ አድርቂ፣ አሪቲ ጨምሪበት፣ በስስ ነጠላ ጨርቅ ቋጥሪና ለቁም ሣጥን ሽጪው። ነጠላና ቀሚስ የምታስቀምጥ ሴት ሁሉ ትፈልገዋለች።

አንድ የሙከራ ሐሳብም አለኝ። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያው ደጃፍ ላይ ገለፈቱ ሲቆለል ታያለሽ። አየር በማያገኝበት ዕቃ ውስጥ አክስሎ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ የዕጣን ከሰል መሥራት ይቻላል። አመዱ ይበዛል፤ ከገለፈቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ የማይነድ ነገር ነው። ለወጥ አይሆንሽም። ዕጣን ግን የሚፈልገው ለስላሳ ፍም ነው። ይሠራል ብዬ አልምልልሽም። በትንሹ ሞክሪውና ደብተሩ ይፍረድ።

አሁን ካፒታል።

እንበል 20 ቋጠሮ ለማዘጋጀት ዕጣኑ፣ ከርቤው፣ ወረቀቱና ክሩ 400 ብር ፈጀ። አንዱ 20 ብር ወጣበት። 25 ብር ብትሸጪው አተረፍሽ?

አላተረፍሽም! ሁለት ሰዓት ሠርተሻል። ሰዓትሽን በ50 ብር ብናስበው 100 ብር ነው። ጠቅላላው 500 ብር ሆነ፤ ለ20 ሲካፈል 25 ብር። በ25 ስትሸጪ ወጪሽን ብቻ መለስሽ ማለት ነው። ትርፍ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው፤ ስለዚህ 35 በዪ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የሰሞኑን የገበያ ዋጋ አንቺ ታውቂያለሽ። ስሌቱ ግን አይቀየርም። ጉልበትሽን በዜሮ አትቁጠሪ። ብዙ ሙያተኛ ሴት የከሰረችው እዚህ ላይ ነው፤ ስትሸጥ ትውላለች፣ ማታ ኪሷ ባዶ ነው።

አየሽ፣ ለመጀመሪያው ዙር ባንክ አላስፈለገም። ለዕጣን ከምታወጪው ላይ ነው የጀመርሽው። ብድር በኋላ ይመጣል። ድሮ አብቁተ የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ ሌሎችም አሉ። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የሦስት ወር ሽያጭ የተጻፈበት ደብተር ይዘሽ ሂጂ። ንግድ ፈቃዱንና ቲን ቁጥሩንም አትሽሺ፤ ሆቴል ያለ ደረሰኝ አይገዛሽም።

ለማን ትሸጫለሽ? "ለሁሉም" እንዳትዪኝ።

መንገድ ዳር ያለችውን የጀበና ቡና ሻጭ እያት። ከጠዋት እስከ ማታ ታጨሳለች። በየቀኑ ዕጣን ትገዛለች፤ ብዙ ጊዜ በችኮላ፣ ያገኘችውን። የእሷ ደንበኛ ቁጭ የሚለው በቡናው ብቻ ሳይሆን በጭሱም ነው። ለአንድ ቀን የሚበቃ የተመጠነ ቋጠሮ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ጠዋት በሰዓቱ ብታቀርቢላት እምቢ ትላለች? አንዷን ካገኘሽ፣ እሷ ዘንድ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ፣ "ይህ ዕጣን ከየት ነው?" ብሎ ይጠይቃታል። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አላውቅም።

ከዚያ ሠርግ አለ። ከዚያ የባሕር ዳር ሆቴሎች አሉ። ከዚያ የጎንደር ጥምቀት አለ፤ ጥምቀታችን እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ ከውጭ የሚመጣው ዘመድም ሻንጣው ውስጥ የአገሩን ሽታ ይዞ መመለስ ይወዳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤቱን ያጥናል፤ ለሁለቱም የሚስማማ ቅይጥ ይኑርሽ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ይጠቅማሉ፤ ግን አንድ ነገር እወቂ። ስልክ መዓዛ አያስተላልፍም። የሚያምር ጭስ ቪዲዮ ሺህ ሰው ያየዋል፤ የሚገዛው የሸተተው ሰው ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጋር የሌላ ቅይጥ ቁንጣሪ ጨምረሽ ላኪ። የዛሬው ቁንጣሪ የሚቀጥለው ወር ትእዛዝሽ ነው።

ክረምቱን አትርሺ። የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ የሜዳው እርጥበት እቤትሽ ድረስ ይገባል። የደረቀው ሳር ይሻግታል፣ የታሸገው ወረቀት ይለሰልሳል። ክዳኑ የሚገጥም ጣሳ ወይም ማሰሮ አዘጋጂ። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም እንዳለ ያለፉት ዓመታት አስተምረውሻል፤ የሁለት ወር ዕጣን እጅሽ ላይ ይኑር።

በቃ፣ ብዙ አወራሁ። ዛሬ ማታ ቡና ስታፈዪ ዕጣኑን ፍሙ ላይ ከመጣልሽ በፊት መዝኚው። ጻፊው። ሳምንቱ ሳያልቅ 5 ቋጠሮ አሰናጂና ጀበና ቡና ሻጯ ዘንድ ሂጂ። "ለሙከራ ነው፣ ውሰጃት" እንዳትዪ። ዋጋውን ንገሪያትና ዝም በዪ።